የሳልክ ተቋም ሕንፃ

የሳልክ ተቋም ሕንፃ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ ላ ሆያ በሚባለው አካባቢ የፓሲፊክ ውቅያኖስን ቁልቁል እያየ የቆመ የሥነ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ተቋሙን የመሠረተው ለፖሊዮ በሽታ የመጀመሪያውን ውጤታማ ክትባት ያዘጋጀው ሐኪም ጆናስ ሳልክ ሲሆን፣ የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው አርክቴክት ሉዊስ ካን ነው። ግንባታው በ1962 ተጀምሮ በ1965 ተጠናቀቀ። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው በተለይ በሁለት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው፣ ተመራማሪዎች አብረው የሚሠሩበትን ሰፊ አዳራሽና ብቻቸውን የሚያስቡበትን ትንሽ ክፍል ለየብቻ ማዘጋጀቱ ነው። ሁለተኛው፣ የቀን ብርሃንን ከመሬት በታች እስካለው ቤተ ሙከራ ድረስ ማስገባቱ ነው። ካን እነዚህን መፍትሔዎች ያገኘው በአንድ ጊዜ አይደለም። ከዚህ ሕንፃ በፊት የሠራው ሌላ የምርምር ሕንፃ በመልኩ ቢደነቅም ውስጡ የሚሠሩትን ሰዎች አስቸግሮ ነበር። የሳልክ ተቋም ንድፍ በብዙ መልኩ ለዚያ ችግር የተሰጠ መልስ ነው።

## የተቋሙ መነሻ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፖሊዮ ወይም የልጅነት ልምሻ በአሜሪካ ወላጆችን እጅግ ከሚያስፈሩ በሽታዎች አንዱ ነበር። በሽታው በሞቃት ወራት እየተዛመተ ብዙ ሕፃናትን ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት ይዳርግ ነበር። በ1938 በፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የተቋቋመውና «ማርች ኦፍ ዳይምስ» በሚለው ስም የታወቀው ብሔራዊ ፋውንዴሽን ከሕዝቡ ሳንቲም ሳይቀር እየሰበሰበ ምርምሩን ይደግፍ ነበር። በዚህ ድጋፍ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሳልክ ያዘጋጀው ክትባት ውጤታማ መሆኑ ኤፕሪል 12 ቀን 1955 በይፋ ተገለጸ።

ከዚህ ስኬት በኋላ ሳልክ አዲስ ዓይነት የምርምር ተቋም ለመመሥረት አሰበ። ፍላጎቱ የተለያየ የሥነ ሕይወት ዘርፍ የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ቦታ እንዲሠሩ፣ ከሳይንስ ውጭ ካሉ የጥበብና የፍልስፍና ሰዎችም ጋር እንዲገናኙ ነበር። ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶ ቢጋበዝ የማያሳፍር ቤተ ሙከራ እንዲሆን ይመኝ እንደነበር በተደጋጋሚ ይነገራል። በጣሊያን አገር አሲዚ ከተማ የሚገኘውን የቅዱስ ፍራንሲስ ገዳም ጎብኝቶ ስለነበር፣ በአምዶች የተከበበው የገዳሙ ግቢ በአሳቡ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ለእርሱ ገዳሙ የጸጥታና የጋራ ኑሮ አንድ ላይ መገኘት ምሳሌ ነው።

መሬቱ የተገኘው ከሳን ዲዬጎ ከተማ ነው። የወቅቱ ከንቲባ ቻርልስ ዴይል ራሱ በፖሊዮ የተጠቃ ሰው ነበር። ከተማው በገደል አናት ላይ ያለ 27 ኤከር (11 ሄክታር ገደማ) ቦታ ለተቋሙ ለመስጠት ሐሳብ አቀረበ፤ ነዋሪዎቹም በጁን 1960 በድምፃቸው አጸደቁት። ለግንባታው የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ገንዘብ ከብሔራዊ ፋውንዴሽኑ መጣ።

## ሉዊስ ካንና የሪቻርድስ ቤተ ሙከራ

ሉዊስ ካን በ1901 በዛሬዋ ኢስቶኒያ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በፊላደልፊያ ያደገ አርክቴክት ነው። ዝና ያገኘው ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ ነበር። በ1957 በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሪቻርድስ የሕክምና ምርምር ሕንፃን መንደፍ ጀመረ። ሕንፃው ሲጠናቀቅ ከፍተኛ አድናቆት አገኘ፤ በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምም በ1961 ስለ እርሱ ብቻ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ።

በሪቻርድስ ሕንፃ ካን አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ተግባራዊ አድርጓል። ይህም የሕንፃን ክፍሎች «ተገልጋይ» እና «አገልጋይ» ብሎ መለየት ነው። ተገልጋይ የሚባሉት ሰው የሚሠራባቸው ክፍሎች ናቸው። አገልጋይ የሚባሉት ደግሞ ደረጃ፣ ሊፍት፣ ቧንቧ፣ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ መስመር የሚያልፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ካን አገልጋዮቹን በረጃጅም የጡብ ማማዎች ውስጥ አስገብቶ ከሥራ ክፍሎቹ ውጭ አቆማቸው።

ሕንፃው ሥራ ሲጀምር ግን ችግሮች ታዩ፦

* በየማዕዘኑ ያሉት ሰፋፊ መስተዋቶች በቂ የፀሐይ መከላከያ ስላልነበራቸው ቀጥተኛ ጨረር ወደ ሥራ ጠረጴዛው ይገባ ነበር። ተመራማሪዎች ዓይናቸውንና ናሙናቸውን ለማዳን መስኮቱን በወረቀትና በአሉሚኒየም ፎይል ይሸፍኑት ጀመር።
* የሥራ ቦታዎቹ ተደራርበው በቆሙ ማማዎች ውስጥ ያሉ ትናንሽ ወለሎች ስለነበሩ አንድ የምርምር ቡድን ሲያድግ ወደ ጎን መስፋት አይችልም። ቡድኖች በፎቅ ይለያያሉ።
* ቧንቧዎቹ በጣራው ሥር ተገልጠው ስለሚያልፉ አቧራ ይሰበስቡ ነበር።

ሳልክ ስለ ካን ሰምቶ በ1959 መጨረሻ ፊላደልፊያ ሄደ። መጀመሪያ የፈለገው አርክቴክት እንዴት እንደሚመረጥ ምክር ለመጠየቅ ነበር፤ ከውይይቱ በኋላ ግን ሥራውን ለራሱ ለካን ሰጠው። በሪቻርድስ የታዩት ችግሮችም ለአዲሱ ንድፍ መነሻ ሆኑ።

## የንድፉ ሂደት

ካን በመጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ማማዎች ያሉበት ስለነበር ሪቻርድስን ይመስል ነበር። ሳልክ አልተቀበለውም፤ የፈለገው ያለ ምሰሶና ያለ ግድግዳ ወደ ጎን የተዘረጋ ሰፊ ወለል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ንድፍ አራት ረጃጅም የቤተ ሙከራ ሕንፃዎችና በመካከላቸው ሁለት ጠባብ የአትክልት ግቢዎች ነበሩት። ይህ ንድፍ ብዙ ርቀት ሄዶ ነበር።

በ1962 ግን ሳልክ እንደገና እንዲታሰብ ጠየቀ። አራቱ ሕንፃዎች ወደ ሁለት፣ ሁለቱ ግቢዎች ወደ አንድ እንዲቀነሱ ተወሰነ። ለሥራው ቢሮ ይህ የብዙ ወራት ልፋትን መተው ማለት ነበር። ሆኖም ካን ለውጡን ተቀብሎ በኋላ ላይ ተሟገተለት፤ ሁለት ግቢ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ግቢ ግን ሰው ትርጉም የሚሰጠው ቦታ ይሆናል የሚል እምነት ነበረው። ዛሬ የተቋሙ መለያ የሆነው ሰፊ ግቢ የዚህ ለውጥ ውጤት ነው።

ሙሉው እቅድ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፦ ቤተ ሙከራዎቹ፣ የተመራማሪዎች መኖሪያ እና «የመሰብሰቢያ ቤት» የተባለ የስብሰባ፣ የመመገቢያና የመዝናኛ ሕንፃ። ከሦስቱ የተሠሩት ቤተ ሙከራዎቹ ብቻ ናቸው።

## የሕንፃው አሠራር

ማዕከሉ በግቢው ግራና ቀኝ ትይዩ የቆሙ ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች አሉት። ሁለቱ እንደ መስተዋት ምስል አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው። እያንዳንዳቸው ስድስት ወለሎች ያላቸው ሲሆን፣ ሦስቱ ቤተ ሙከራዎች፣ ሦስቱ ደግሞ የአገልግሎት ወለሎች ናቸው።

### ቤተ ሙከራዎችና የአገልግሎት ወለሎች

እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ 20 ሜትር ገደማ ስፋት፣ 75 ሜትር ገደማ ርዝመትና 3.35 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በመካከሉ አንድም ምሰሶ የለም። ግድግዳ ማቆምና ማፍረስ፣ ጠረጴዛን ማዛወር፣ አንድን ቡድን ማስፋትና ሌላውን ማጥበብ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በየቤተ ሙከራው ላይ ሰው ቆሞ ሊሄድበት የሚችል፣ 2.7 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአገልግሎት ወለል አለ። የውኃ፣ የጋዝና የፍሳሽ ቧንቧዎች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የአየር መስመሮች በዚህ ወለል ያልፋሉ። በቤተ ሙከራው ኮርኒስ ላይ በተተዉ ክፍተቶች በኩል ወደሚፈለገው ጠረጴዛ ይወርዳሉ። አንድ ቧንቧ ቢበላሽ ወይም አዲስ መሣሪያ ቢመጣ ቴክኒሻኑ ሥራውን ከላይ ሆኖ ይሠራል፤ ከታች ያለው ምርምር አይቋረጥም። በሪቻርድስ ወደ ላይ በቆሙ ማማዎች ውስጥ የነበረው «አገልጋይ ቦታ» እዚህ ተጋድሞ ሙሉ ወለል ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህን ያስቻለው የምህንድስና መፍትሔ ከመሐንዲሱ ኦገስት ኮመንዳንት የመጣ ነው። ወለሎቹን የሚሸከሙት በቤልጅየማዊው መሐንዲስ በአርተር ቪረንዴል ስም የሚጠሩት የቪረንዴል ትረሶች ናቸው። በተለመደው ትረስ ውስጥ ሰያፍ ዘንጎች ስላሉ ክፍተቶቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ናቸው። የቪረንዴል ትረስ ግን ሰያፍ ዘንግ የለውም፤ ክፍተቶቹ እንደ መሰላል አራት ማዕዘን ናቸው። ስለዚህ ቧንቧም ሰውም በመካከሉ ያልፋል። ትረሱ የቤተ ሙከራውን ስፋት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ስለሚሻገር መካከለኛ ምሰሶ አያስፈልግም። ካሊፎርኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋት በመሆኗ፣ ኮመንዳንት በምሰሶዎቹ ውስጥ የብረት ገመዶችን ወጥሮ በማጥበቅ ሕንፃው ተወዛውዞ ወደ ቦታው እንዲመለስ አድርጓል።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ዋጋም አለ። ከስድስቱ ወለሎች ግማሹ የተመራማሪ ጠረጴዛ አይቀመጥባቸውም፤ ኮንክሪቱና ከፍታው ግን ወጪ ይጠይቃሉ። የንድፉ ስሌት ይህ ተጨማሪ ወጪ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት በሚቀሩ ማፍረስና መልሶ መሥራቶች ይካካሳል የሚል ነው።

### የቀን ብርሃን

የአካባቢው የግንባታ ደንብ የሕንፃውን ከፍታ ስለሚገድብ ከስድስቱ ወለሎች የታችኞቹ ሁለቱ ከመሬት በታች መግባት ነበረባቸው። በተለመደው አሠራር ይህ ማለት የታችኛው ቤተ ሙከራ መስኮት የሌለው ምድር ቤት ይሆናል ማለት ነው። ካን በየሕንፃው በሁለቱም ጎን 12 ሜትር ገደማ ርዝመትና 7.6 ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ክፍት የብርሃን ጉድጓዶች አስቆፈረ። ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን በእነዚህ ጉድጓዶች ወርዶ በመስተዋት ግድግዳው በኩል ወደ ቤተ ሙከራው ይገባል። የጉድጓዶቹ ግድግዳ ፈዛዛ ቀለም ያለው ኮንክሪት በመሆኑ ብርሃኑን ወደ ታች እያንጸባረቀ ያግዛል።

ብርሃን ማስገባት ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ ሪቻርድስ ያሳየው ይህንኑ ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ ጠቃሚው ብርሃን ከሰማይ ተሰራጭቶ የሚመጣው እንጂ ከፀሐይዋ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር አይደለም። ቀጥተኛው ጨረር ዓይን ያጭበረብራል፣ ክፍሉን ያሞቃል፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደማቅ ብርሃንና ጥቁር ጥላ ጎን ለጎን ይፈጥራል። የሳልክ ሕንፃ ጨረሩን የሚከላከልባቸው ሦስት መንገዶች አሉት፦

* '''አቅጣጫ።''' ሕንፃዎቹ ርዝመታቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ሰፋፊዎቹ የመስተዋት ግድግዳዎች የሚያዩት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ነው። ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመጣው ፀሐይ የምታገኘው አጫጭሮቹን ጎኖች ነው። ላ ሆያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 33 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ከፍ ያለችን ፀሐይ ደግሞ ከላይ በወጣ ወለል ወይም ጣራ መጋረድ ቀላል ነው።
* '''መተላለፊያ።''' የመስተዋት ግድግዳዎቹ ከሕንፃው ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው። ከፊታቸው ያለው ክፍት መተላለፊያ ለሰው መንገድ፣ ለመስተዋቱ ደግሞ ጥላ ነው።
* '''የጥናት ክፍሎቹ ማማዎች።''' በግቢው በኩል የቆሙት ማማዎች ከቤተ ሙከራው ተነጥለው ስለቆሙ ብርሃኑን ሳይዘጉ የፀሐይን ጨረር ይሰብራሉ።

ብርሃኑ እስከ ምን ድረስ ይገባል የሚለውን በቀላሉ መገመት ይቻላል። በጎን መስኮት ብርሃን በሚያገኝ ክፍል ውስጥ ጠቃሚው ብርሃን የሚደርሰው የመስኮቱ የላይኛ ጠርዝ ከወለሉ ካለው ከፍታ ሁለት እጥፍ ገደማ ድረስ ነው የሚል የተለመደ የንድፍ መመሪያ አለ። መስተዋቱ እስከ ኮርኒሱ፣ ማለትም እስከ 3.35 ሜትር ቢደርስ ብርሃኑ ከእያንዳንዱ ጎን 6.7 ሜትር፣ ከሁለቱም 13.4 ሜትር ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ 20 ሜትር ስፋት ካለው ወለል አንድ ሦስተኛ የሚሆነው መካከለኛ ክፍል የኤሌክትሪክ መብራት ያስፈልገዋል። መተላለፊያው የሚጥለው ጥላ ሲታሰብ ድርሻው ከዚህም ይጨምራል። መካከሉ ለማቀዝቀዣ፣ ለማከማቻና ብርሃን ለማይፈልጉ መሣሪያዎች፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ለሰው መቀመጫ የሚመቹት በዚህ ምክንያት ነው።

### የጥናት ክፍሎች

በግቢው ግራና ቀኝ አምስት አምስት፣ በድምሩ ዐሥር ማማዎች ቆመዋል። እያንዳንዱ ማማ አራት የጥናት ክፍሎች አሉት፤ በግቢው መግቢያ በኩል ያሉት ሁለቱ ማማዎች ግን ሁለት ሁለት ብቻ ስላላቸው ድምሩ 36 ክፍሎች ነው። የየክፍሉ አንድ ግድግዳ በ45 ዲግሪ የዞረ በመሆኑ ሁሉም ተመራማሪ ከመስኮቱ ውቅያኖሱን ማየት ይችላል።

ክፍሎቹ ከቤተ ሙከራው ጋር የተገናኙት በድልድይና በደረጃ ነው። ተመራማሪው ወደ ጥናት ክፍሉ ለመሄድ ከቤተ ሙከራው መውጣት፣ ክፍት አየር ውስጥ ማለፍና ጥቂት ደረጃዎችን መውጣት ወይም መውረድ አለበት። ይህ አጭር ጉዞ ታስቦበት የተደረገ ነው። ካን የመሣሪያው ዓለምና የሐሳቡ ዓለም የተለያየ ቦታ ይፈልጋሉ ብሎ ያምን ነበር። ቤተ ሙከራው መስተዋት፣ ብረትና ንጹሕ አየር ሲሆን፣ የጥናት ክፍሉ እንጨት፣ ምንጣፍና ጸጥታ ነው።

የክፍሎቹ ከፍታም ትርጉም አለው። ክፍሎቹ የተቀመጡት ከአገልግሎት ወለሎቹ ትይዩ ነው። በቤተ ሙከራዎቹ ትይዩ ያለው የማማው ክፍል ግን ክፍት በረንዳ ነው። በዚህ መንገድ ማማዎቹ የቤተ ሙከራዎቹን ብርሃንና ወደ ግቢው ያለውን እይታ አይዘጉም። ወደ ምዕራብ የሚያዩት የጥናት ክፍል መስኮቶች የማታ ፀሐይ ስለሚያገኛቸው በእጅ የሚንሸራተቱ የእንጨት መከለያዎች አሏቸው። ብርሃኑን የሚቆጣጠረው በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ራሱ ነው።

### ግቢው

ሁለቱን ሕንፃዎች የሚለየው ግቢ በፈዛዛ ትራቨርቲን ድንጋይ የተነጠፈ፣ አንድም ዛፍ የሌለው ገላጣ ቦታ ነው። በመካከሉ ቀጭን የውኃ መስመር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውቅያኖሱ ይፈስሳል።

ካን መጀመሪያ ያሰበው የአትክልት ቦታ ነበር። በ1966 ሜክሲኳዊውን አርክቴክት ሉዊስ ባራጋንን ስለ ተክሉ እንዲያማክረው ጋበዘው። ባራጋን ግን በቦታው ቆሞ ካየ በኋላ አንድ ቅጠል እንኳ እንዳይተከል፣ ግቢው የድንጋይ አደባባይ ሆኖ ሰማዩን እንደ ፊት ለፊት ገጽታ እንዲይዝ መከረ። ካንም ሳልክም ተስማሙ።

የውኃው መስመር በቀጥታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ሁለት ጊዜያት (በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ) ፀሐይ የምትጠልቀው በመስመሩ ጫፍ ትይዩ ነው። በእነዚህ ቀናት ብዙ ፎቶ አንሺዎች ወደ ተቋሙ ይመጣሉ።

### የግንባታ ቁሳቁስ

ሕንፃው በዋናነት የተሠራው ከአራት ነገሮች ነው፦ ኮንክሪት፣ ቲክ የሚባል ጠንካራ እንጨት፣ መስተዋትና ትራቨርቲን። ለኮንክሪቱ የጥንት ሮማውያን ይጠቀሙበት የነበረውን የእሳተ ገሞራ አመድ የሚመስል ፖዞላና የተባለ ቅመም ተጨመረ፤ ይህም ወደ ሮዝ የሚያደላ ሞቅ ያለ ቀለም ሰጠው። ኮንክሪቱ ከእንጨት ቅርጹ ከወጣ በኋላ አልተለሰነም፣ አልተሞረደም፣ ቀለምም አልተቀባም። የሰሌዳዎቹ መገጣጠሚያ መስመሮችና ቅርጹን አጥብቀው ይዘው የነበሩት ብሎኖች የተዉአቸው ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ፤ ቀዳዳዎቹ የተደፈኑት በእርሳስ ነው። ካን ሕንፃ እንዴት እንደተሠራ መደበቅ የለበትም የሚል አቋም ነበረው። ይህ አሠራር ስሕተትን የሚሸፍን ልስን ስለሌለው የሠራተኞችን ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

## ሕንፃውና ትብብር

ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር ስለተቀመጡ ብቻ አይተባበሩም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ቶማስ አለን በመሐንዲሶችና በተመራማሪዎች መካከል ያለውን ግንኙነት አጥንቶ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ የሁለት ሰዎች ጠረጴዛ በተራራቀ ቁጥር ስለ ሥራ የመነጋገር ዕድላቸው በፍጥነት ይቀንሳል። ከ50 ሜትር ገደማ በኋላ በጣም ዝቅተኛ ይሆናል። ይህ ግኝት ዛሬ «የአለን ኩርባ» ይባላል።

የሳልክ ሕንፃ ከዚህ ጥናት በፊት የተሠራ ቢሆንም ለተመሳሳይ ችግር የሚሰጣቸው መልሶች አሉት። በአንድ ወለል ላይ ያሉ ቡድኖች ግድግዳ ስለማይለያቸው መሣሪያ ይጋራሉ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያያል። ወደ ጥናት ክፍል የሚወስዱት መተላለፊያዎችና ደረጃዎች ከተለያየ ቡድን የመጡ ሰዎችን ያገናኛሉ። በማማዎቹ ሥር ባሉት በረንዳዎች ግድግዳ ላይ ድንገት ለሚነሣ ውይይት የሚያገለግሉ የጥቁር ድንጋይ ሰሌዳዎች ተገጥመዋል። በሌላ በኩል የአንዱ ቤተ ሙከራ ርዝመት ብቻ 75 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉ ሰዎች በአለን መለኪያ የተራራቁ ናቸው። የወለሉ ስፋት ጥቅም ቢኖረውም የመገናኛ ቦታን አይተካም።

በተቋሙ ከሠሩት ሳይንቲስቶች መካከል የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ክሪክ ይገኝበታል። ክሪክ ከ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ በ2004 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ እዚያ ቆይቶ ትኩረቱን ወደ አእምሮ ጥናት አዙሯል። ሬናቶ ዱልቤኮ፣ ሮበርት ሆሊ፣ ሮጀር ጊልሚንና ሲድኒ ብሬነርም በተቋሙ የሠሩ የኖቤል ተሸላሚዎች ናቸው። ከእነዚህ ስኬቶች ምን ያህሉ የሕንፃው ድርሻ እንደሆነ መለካት አይቻልም፤ ሕንፃው ዕድል ይፈጥራል እንጂ ግኝትን አያመጣም።

## ትችትና ተጨማሪ ግንባታ

በሕንፃው ላይ ከሚነሡት ትችቶች አንዱ ግቢውን ይመለከታል። ዛፍም ጥላም የሌለው ፈዛዛ ድንጋይ በጠራራ ፀሐይ ዓይን ስለሚያጭበረብር ለዝግታና ለረጅም ጭውውት አይመችም፤ ውበቱ ከመሰብሰቢያነቱ ይበልጣል የሚሉ አሉ። ከዚህ ጋር የሚያያዘው የመሰብሰቢያ ቤቱ አለመሠራት ነው። በእቅዱ መሠረት ሰዎች አብረው የሚበሉበትና የሚሰበሰቡበት ቦታ እርሱ ነበር፤ እርሱ ሲቀር ግቢው ብቻውን ያልታሰበለትን ሸክም ተሸከመ።

በ1990ዎቹ ተቋሙ ቦታ ስለጠበበው ከግቢው በስተ ምሥራቅ አዲስ ሕንፃ ተሠራ። የንድፉን ሥራ ከመሩት አንዱ ጃክ ማክአሊስተር ቀደም ሲል ከካን ጋር በዚሁ ተቋም ግንባታ የሠራ ሰው ነው። ሆኖም ለአዲሱ ሕንፃ ሲባል በመግቢያው ከነበረው የባሕር ዛፍ ደን ከፊሉ ተቆረጠ። ጎብኚው በዛፎች ጥላ ውስጥ አልፎ በድንገት ወደ ገላጣው ግቢ መውጣቱ የንድፉ አካል ነበር የሚሉ አርክቴክቶች አጥብቀው ተቃወሙ። ክርክሩ ጥቅም ላይ ያለ ሕንፃን ማስፋትና እንደ ቅርስ መጠበቅ እንዴት ይታረቃሉ የሚል ጥያቄ ያስነሣ ነበር።

## ጥበቃና ጥገና

ሕንፃው በ1991 የሳን ዲዬጎ ከተማ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1992 የአሜሪካ የአርክቴክቶች ማኅበር ለዓመታት ዋጋቸውን ላስመሰከሩ ሕንፃዎች የሚሰጠውን የ25 ዓመት ሽልማት አገኘ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት የባሕር ነፋስና ፀሐይ በኋላ ከሁሉ በላይ የተጎዳው የቲክ እንጨቱ ነበር። በእንጨቱ ላይ ጥቁር ፈንገስ አድጎ መልኩን ለውጦት ነበር፤ ምንጩ በአቅራቢያው ያሉት የባሕር ዛፎች ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይታመናል። ነፍሳትና እርጥበትም አንዳንዱን ክፍል በልተውታል። ከ2013 ጀምሮ ከጌቲ የጥበቃ ተቋም ጋር ጥናት ተካሂዶ 203 የመስኮት ግድግዳዎች ተጠገኑ፤ ሥራው በ2017 ተጠናቀቀ። ሁሉን አውጥቶ በአዲስ ከመተካት ይልቅ የተጎዳውን ብቻ ቆርጦ መለወጥ ስለተመረጠ አብዛኛው የመጀመሪያው እንጨት በቦታው ቀርቷል።

## ተጽዕኖ

በሥራ ወለሎች መካከል ሙሉ የአገልግሎት ወለል የማስገባት ሐሳብ በተለይ በሆስፒታሎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ማዕከልና በአሜሪካ ለቀድሞ ወታደሮች የተሠሩ አንዳንድ ሆስፒታሎች ይህንኑ ዘዴ ተጠቅመዋል። ሆስፒታልም እንደ ቤተ ሙከራ መሣሪያው ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ፣ ሥራው ግን ሊቋረጥ የማይችል ቦታ ነውና።

ካን በብርሃን ላይ ያደረገውን ጥናት በኋላ በቴክሳስ በሚገኘው የኪምቤል የጥበብ ሙዚየምና በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ባለው የፓርላማ ሕንፃ ቀጥሏል። እርሱ በ1974፣ ሳልክ በ1995 አረፉ። ሕንፃው ዛሬም ለተሠራለት ዓላማ ያገለግላል። በ1960ዎቹ ያልነበሩ የምርምር መሣሪያዎች፣ ኮምፒውተሮችን ጨምሮ፣ ግድግዳ ሳይፈርስ በእነዚያው ወለሎች ላይ ሊገቡ የቻሉት ቧንቧውና ሽቦው የራሱ ወለል፣ ሰዎቹም የጋራም የግልም ቦታ ስለተሰጣቸው ነው።